ሥራ ስፈልግ ኳስ ያስተላለፍኩባቸው ቅዳሜዎች

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ጉዳይ ነበረኝ። ጨርሼ ስወጣ ጉልበቴ አላራምድ ስላለኝ፣ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ዳር ከተደረደሩት መቀመጫዎች አንዱ ላይ አረፍ አልኩ። ከጎኔ ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ነበር። አንደኛዋ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌላኛዋ ቦምቦሊኖ እየገመጠች ታዳምጣለች።

"አካውንቲንግ... አካውንቲንግ... ነርስ... ሲቪል ምህንድስና፣ ልምድ አምስት ዓመት..."

"የኛስ?"

"ጋዜጠኝነት የሚል የለም። ቆይ፣ እዚህ ጋ 'ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ' ይላል።"

"ለምን ሥራ?"

"ለሽያጭ ሠራተኛ።"

"እኛ ከሽያጭ ጋር ምናችን ይዛመዳል?"

"ተዛማጅ ነን ስንል ነዋ የምንዛመደው!"

ሁለቱም ሳቁ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከሆድ አይመጣም፤ ጉሮሮ ላይ ቆሞ ነው የሚመለሰው። ላናግራቸው ከጅሎኝ ነበር። ግን ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ የማያውቀው ሁሉ "ምን ተመረቅሽ?" ሲለው እንዴት እንደሚሰለቸው ስለማውቅ ተውኩት። ከዚያ ይልቅ ከተቀመጥኩበት ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ የቱ ጋ እንደነበር እንኳ በማልለየው ቦታ፣ በወጣትነቴ ያሳለፍኳቸውን ቅዳሜዎች ማሰብ ጀመርኩ።

እኔ በጋዜጠኝነት የተመረቅኩት ሐምሌ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጋውኔን ከቀሚሴ ጋር እስኪያጣብቀው በወረደበት ቀን። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ፣ ታክሲዎች ከሚጫኑበት ፊት ለፊት፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ትልቅ መስታወት ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረች። የምርቃት ፎቶዬን አሳድጎ በፍሬም አስገባና ከመስታወቱ በላይ ሰቀለው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ መስታወቱ ፊት ሲቆም ራሱንም እኔንም አብሮ ያያል።

"ልጅዎ ናት?" ይላል።

"አዎ።"

"ምን ተመረቀች?"

"ጋዜጠኝነት።"

"ጎሽ! የት ገባች?"

አባቴ በከንፈሩ የያዛትን ስፒል ያወጣና "እየጠበቀች ነው" ይላል። ምን እንደምጠብቅ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ጠያቂውም ደግሞ አይጠይቅም። "የት ገባች" የምትለው ጥያቄ በኛ አገር ለሠርግም ለሥራም ታገለግላለች፤ በሁለቱም በኩል መልስ የሌላት ልጅ ከሱቁ ጥግ ቁልፍ እየተከለች አንገቷን ትደፋለች።

አብረውኝ ከተመረቁት ዘመድ ያለው በዘመዱ ገባ። ክፍለ ሀገር ለመሄድ የደፈረ ሄደ። የቀረነው ጋዜጣ እየተከራየን ማስታወቂያ እናነብ ነበር። ያን ጊዜ ስልክ በየሰዉ ኪስ አልነበረም። አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ አዟሪው "ጨረሽ?" እስኪለን ድረስ በጥድፊያ እንገለብጣለን። ጋዜጣ እንዴት እንደሚዘጋጅ ስማር ኖሬ፣ ስመረቅ የማነበው የኋላውን ገጽ ብቻ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ ጫማዬ ሳይደርቅ፣ ድልድዩ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ጭስ ፀጉሬ ላይ እንዳለ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ማመልከቻ ሳደርስ ከረምኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ለድምፅ ፈተና ጠራኝ። ከመስታወት ወዲያ የተቀመጡት ሰውዬ አንድ ዜና አስነብበውኝ "ጥሩ ነው፤ እንደውላለን" አሉኝ። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ ከአባቴ ሱቅ ጎን ያለውን የመድኃኒት ቤት ቁጥር ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድኃኒት ቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር የአባቴ የስፌት መኪና ቀጥ ይላል። እሱ ወደ ጎን አያይም፤ እኔም አላይም። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ለሌላ ሰው ማውራት ስትጀምር መኪናው እንደገና መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ያን ዝምታ ሽሽት ነው እትዬ ዘነቡ ሻይ ቤት መቀመጥ የለመድኩት። ሻይ ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ከፊት ባንኮኒና አራት ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ አለው። በዚያ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝ ኳስ ይታያል። እትዬ ዘነቡ ስለ ኳስ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀዮቹ ሲያሸንፉ ማኪያቶ ይሸጣል፤ ሲሸነፉ ሰዉ ውሃ ለምኖ ይሄዳል። እኔን የሚያውቁኝ በአባቴ ስለነበር፣ አንዲት ሻይ ይዤ ግማሽ ቀን ብቆይ ፊታቸውን አያጠቁሩብኝም።

ኳስ ግን እወድ ነበር። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች፣ አባቴ የሚያስቀምጠኝ ሰው ሲያጣ ጃንሜዳ ይዞኝ ይሄድ ነበር። የሰፈራችንን ቡድን ማሊያ የሚሰፋው እሱ ነው። ከጀርባው የሚለጠፈውን ቁጥር ቀድጄ የምሰጠው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ተጫዋቾቹን በፊታቸው ሳይሆን በጀርባቸው ነበር የማውቃቸው።

አንድ የመስከረም ቅዳሜ ዝናብ ይዞኝ ወደ አዳራሹ ዘለቅኩ። ክፍት የነበረው ቦታ ከፊተኛው አግዳሚ ጫፍ፣ ከጋሽ ተክሌ ጎን ነበር። ጋሽ ተክሌ ከትግራይ ልጅ ሆነው መጥተው ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራውን ካቆሙ ቆይተዋል። ግራጫ ኮትና ባርኔጣቸውን ሳያጓድሉ፣ "ለጌጥ ነው" የሚሉትን ከዘራ ይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዘመዳቸው ባልሆንም "ጓለይ" ይሉኛል፤ በትግርኛ "ልጄ" ማለት ነው።

እትዬ ዘነቡ በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥኑን ከግራው ጥግ አንስተው ቀኙ ግድግዳ ላይ አስቸንክረውት ነበር። በቀድሞው ቦታ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ያለበት ካላንደር ሰቅለዋል። ሰዉ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞሮ ተቀምጧል። ጋሽ ተክሌ ግን እንደ ወትሮው ወደ ግራው ጥግ፣ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ፊታቸውን ሰጥተው፣ በቁም ነገር ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይሄ ልጅ ዛሬ ሰንፏል" ይላሉ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንደማያዩ ገባኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ኳሱ ላይ ነው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ "ጋሽ ተክሌ፣ ቴሌቪዥኑ እኮ ወደ ቀኝ ዞሯል" አልኳቸው።

ከዚያ ጨዋታው እንዳደከመው ሰው ቀስ ብለው፣ ወገባቸውን እያመቻቹ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ።

"አውቃለሁ ጓለይ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ለማንም እንዳትነግሪ። ልጄ ካወቀ ኮተቤ ይወስደኛል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ቤቱም ጥሩ ነው። ግን እዚያ ማን አለኝ? ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅሁ እንድሞት?"

"አልናገርም" አልኩ።

"ውጤቱ ስንት ሆነ?"

"አንድ ለዜሮ።"

"ማን ለማን?"

እንዲህ ተጀመረ። የዚያን ዕለት ኳሱን እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቴን ዘርግቼ ማስታወቂያ እየገለበጥኩ ሳለ በር ላይ ቆመው ሲያመነቱ አየኋቸውና ተነስቼ አብሬያቸው ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠራኝ ከጎናቸው እቀመጣለሁ።

ጋሽ ተክሌ ቀላል አድማጭ አልነበሩም። "ኳሱ ቀዮቹ ጋ ነው" ብዬ ማለፍ አልችልም። "ከወዴት?" ይላሉ። በግራ ነው በቀኝ? ምን ያህል ርቆ? አሠልጣኙ ተቀምጧል ወይስ ቆሟል? እዚያስ ሰማዩ እንዴት ነው፣ ዘንቧል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ማይክሮፎን ፊት እንዴት እንደሚተነፈስ ተምሬ ነበር። ሰው "ከወዴት?" ብሎ ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ሲጋጠሙ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሰፈር ልጆች፣ የሱቅ ሠራተኞች፣ ከወዲያ ከውቤ በረሃ የመጡ ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ቆመዋል። ከኋላችን አቢቹ ነበር። አቢቹ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ወያላ ነው፤ ድምፁ መንገድ ማዶ ይሻገራል፤ ምላሱም እንደዚያው። እኔ ሹክሹክታዬን ቀጥያለሁ።

"ሲስቱ!" አለ አቢቹ። "ምንድን ነው የምታንሾካሹኪው? ፋዘርን ንስሐ እያስገባሻቸው ነው እንዴ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከወደ ኋላ የማላውቀው ሰው ደግሞ "እሳቸው ራሳቸው አያዩም እንዴ?" አለ።

የጋሽ ተክሌ ጣቶች ከዘራው ላይ ሲጠብቁ አየሁ። ምን እንደምል ሳላስብ ብድግ አልኩ።

"ልምምድ ነው!" አልኩ። "ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። የስፖርት ፈተና አለብኝ። ጋሽ ተክሌ ናቸው የሚያርሙኝ።"

የምን ፈተና! የሚደውልልኝ እንኳ አልነበረም።

"ታዲያ ሬዲዮ በሹክሹክታ ነው እንዴ የሚወራው?" አለ አቢቹ። "ጮክ በይ እንስማሽ! እትዬ ዘነቡ፣ የፈረንጁን ድምፅ ይቀንሱልን!"

እትዬ ዘነቡ የፈረንጁ ጩኸት ድሮም ራሳቸውን ያማቸው ስለነበር ጨርሰው አጠፉት። ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማኛል። ያ ሁሉ ወንድ እኔን ያያል።

"ኳሱ..." አልኩ። "ኳሱ ቀዮቹ ጋ ነው።"

"እሱንማ እናያለን!" አለ አንዱ። እንደገና ሳቁ።

ሮጬ መውጣት አማረኝ። ግን ጋሽ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ ሌላው ሰው ጭራሽ የሌለ ይመስል ይጠብቁኛል። ከንፈራቸው "ከወዴት?" አለ፤ ድምፅ ሳይወጣው። እኔም ሌላውን ሁሉ ትቼ ለሳቸው ብቻ መናገር ጀመርኩ።

"በቀኝ በኩል ነው። ሰባት ቁጥር መስመሩን ይዞ ይሮጣል። ተከላካዩ በልብሱ ስፌት ላይ የተጠለፈ ይመስል ተለጥፎበታል። ቆመ! ሰባት ቁጥር ድንገት ቆመ! ተከላካዩ በጊዮርጊስ ቁልቁለት ብሬክ እንደበጠሰ መኪና ብቻውን ቁልቁል ወረደ..."

አሁን የሳቁት ሌላ ሳቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በሙሉ አላስታውስም። ጎሉ ሲገባ አዳራሹ ሲያብድ፣ ጋሽ ተክሌ ከሁሉም እኩል ተነስተው ባርኔጣቸውን ማውለብለባቸውን ግን አስታውሳለሁ። ከዚያ በፊት ሁሌም የሚነሱት ሌላው ሰው ከጮኸ በኋላ ነበር።

ቅዳሜዎቹ እንዲህ ቀጠሉ። እትዬ ዘነቡ "ልጅቷ ስትናገር ሰዉ ቶሎ አይወጣም" ብለው ሻይ በነፃ ያደርጉልኝ ጀመር፤ ሳምቡሳም ይጨምሩልኛል። ሰኞ እስከ ዓርብ ግን ያችው ሥራ ፈት ነበርኩ። ኅዳር ላይ አባቴ፣ ደንበኛው የሆነ ሰው ባንክ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ሊያፈላልግልኝ እንደሚችል በጨዋታ መሃል ጣል አደረገ። "ለጊዜው ነው" አለኝ። ለጊዜው የሚባል ነገር ከልብስ ሰፊ አፍ ሲወጣ ያስፈራል፤ ለጊዜው ተብሎ በክር ያዝ ያዝ የተደረገ ቀሚስ ስንት ዓመት እንደሚለበስ አይቻለሁና። "አስብበታለሁ" ብዬ ወጣሁ። እሱም አልጨቀጨቀኝም። ማታ ራቱን ሳይጨርስ መነሳቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ብርዱ ደረቅ በሆነበት አንድ ቅዳሜ፣ እያስተላለፍኩ ሳለ ቀና ስል በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ጉልማሳ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ። ኳሱን አያይም። የሚያየው ጋሽ ተክሌን ነው፤ ከሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሳቸው። ዕረፍት ሲሆን በጣቱ ጠቀሰኝና ወደ ውጭ ተከተልኩት።

"ዳዊት እባላለሁ፤ የሱ ልጅ ነኝ" አለኝ። "አባቴ ማየት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?"

"እሱን እሳቸውን ጠይቃቸው" አልኩ።

"አንቺን ነው የምጠይቀው! ያን መንገድ ብቻውን እየተሻገረ ነው የሚመጣው። መኪና ቢገጨውስ? ገደል ቢገባስ? እንዴት ዝም ትያለሽ?"

ስለ ኳሱ እንጂ ስለ መንገዱ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። በዚህ መሃል አቢቹ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ የምንለውን ሰማ።

"ብራዘር፣ ማን ነው ብቻቸውን ያለህ?" አለው። "ሲመጡ እኔ ከኋላቸው አለሁ። ሲመለሱ ደግሞ የእትዬ ዘነቡ አስተናጋጅ ነው ተራው። ታክሲ ሲመጣ የምናፏጨው ለማን ይመስልሃል?"

"ታውቁ ነበር ማለት ነው?" አለ ዳዊት።

"እኛም እኮ ዓይን አለን።"

አቢቹ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺስ? ጮክ በይ ያልኩሽ ለምን መሰለሽ? ያ የማይታወቅ ሰውዬ ማፍጠጥ ጀምሮ ነበር እኮ" አለኝ። እትዬ ዘነቡም ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። "ቴሌቪዥኑን ያዞርኩ ለት ልነግራቸው ብዬ አፌ እምቢ አለኝ" አሉ። "እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ተብሎ ይነገራል? ይቺ ስትጠጋቸው ሳይ እፎይ አልኩ።"

እኔ ብቻዬን የያዝኩት ምስጢር መስሎኝ ነበር። ለካ ሰፈር ሙሉ ይዞት ኖሯል፤ የፈራሁት የአቢቹ ምላስም ሲጠብቃቸው ነበር።

ዳዊት ግድግዳውን ተደገፈ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ሲረግፍ አየሁት፤ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር። ምን ሊል እንደነበር እንጃ፤ ከውስጥ የከዘራ ኳኳታ ተሰማና ጋሽ ተክሌ ብቅ አሉ።

"ጨረሳችሁ?" አሉ። "ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል።" ቀጥለው ደግሞ፦ "ዳዊት፣ ስትገባ አረማመድህን ሰምቼህ ነበር። ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ።"

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። አንደኛው ዓይን አልፎበታል፤ ሁለተኛው በጠብታ መድኃኒት ብርሃንና ጥላ ለመለየት ያህል ተረፈ። እንደፈሩትም ኮተቤ ገቡ። ነገር ግን አባትና ልጅ ተስማምተው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊት ራሱ እያመጣቸው ከአዳራሹ አልጎደሉም።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ሱቃችን ድረስ ሮጣ መጣች።

"ሰናይት! ስልክ! ላንቺ ነው!"

የአባቴ መኪና ቀጥ አለ። ሄጄ አነሳሁት። ሬዲዮው አልነበረም። ደሴ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ክረምት ላይ አይጠሩኝም ብዬ በፖስታ አመልክቼ የረሳሁት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዳደርግ ነገሩኝ። ተመልሼ ለአባቴ ስነግረው ስፒሉን ከከንፈሩ አወጣ፤ የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካው።

"ደሴ ብርድ ነው" አለ። "ካፖርት እሰፋልሻለሁ።"

በማግሥቱ አንድ ደንበኛ "የት ገባች?" ሲለው፣ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ "ደሴ!" አለ። ደሴ ሲለው የዓለም መጨረሻ ላይ ያለች የተመኘኋት ከተማ ትመስል ነበር።

እኔ ግን ከፍቶኝ ነበር። ማይክሮፎን ፈልጌ የማላውቀው አገር የማላውቀው ቢሮ ወንበር ሊደርሰኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ክፍለ ሀገር አልሄድም ያልኩት አባቴን ብቻውን ላለመተው ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ቅዳሜ ለጋሽ ተክሌ ነገርኳቸው።

"ሂጂ እንድልሽ ነው የፈለግሽው?" አሉ። "አልልም። ለምን እላለሁ? ኳሱን ማን ሊነግረኝ?" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ተቀየሙኝ። የመጀመሪያውን አጋማሽ አንድም ጊዜ "ከወዴት?" ሳይሉኝ ጨረስን። ዕረፍት ላይ ማኪያቷቸውን በጣታቸው ፈልገው አገኙ፤ ፉት አሉ።

"ሂጂ" አሉኝ። "ተናድጄ ነው። ሂጂ።"

ሁለተኛውን አጋማሽ ለዳዊት ለቀቅኩለት። ከሌላኛው ጎናቸው ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኳሱ... ሄደ" አለ። "አሁን... መጣ። እንደገና ሄደ።"

ጋሽ ተክሌ ታገሡ፣ ታገሡና "ልጄ፣ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ... ኳስ ነው ወይስ ታክሲ?" አሉ።

"ታክሲ ከሆነማ የኔ ሥራ ነው!" ብሎ አቢቹ ከኋላ ተረከበ። "ሰባት ቁጥር ጭኗል! ሁለት ሰው ወርዷል! በግራ ጥጉን ይዞ፣ ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ መጨረሻው ጎል ነው!" ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ጋሽ ተክሌ እንባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። እኔም እጠርግ ነበር፤ ግን የኔ ከሳቅ ብቻ አልነበረም።

ደሴ አራት ዓመት ኖርኩ። ካፖርቱ ጠቅሞኛል። የቢሮ ዜና ጻፍኩ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ፣ ኋላ እዚያው ባለ አንድ ጣቢያ የመሥሪያ ቤቱን ዝግጅት ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሼ ሬዲዮ ገባሁ፤ እስከ ዛሬ የጤና ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ኳስ በማይክሮፎን አንድም ቀን አስተላልፌ አላውቅም። ደሴ ሳለሁ ለፋሲካ ስመጣ አዳራሹ ጎራ እያልኩ ከጋሽ ተክሌ ጎን እቀመጥ ነበር፤ አቢቹ ምን ያህል እንደሚያጋንን ይነግሩኛል። ሲያርፉ አዲስ አበባ ተመልሼ ስለነበር ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ። አባቴም ከሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም።

ያኔ እነዚያ ወራት ከዕድሜዬ ላይ የተቀነሱ ይመስሉኝ ነበር። ሥራ መጠበቅ ሰውን ከሰው በታች የሆነ ያህል እንዲሰማው ያደርጋል፤ ሰላምታ እንኳ ጥያቄ ሆኖ ይሰማል። አሁን ሆኜ ሳየው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የተናገርኩበትም፣ እንደዚያ የተሰማሁበትም ጊዜ ያለ አይመስለኝም። ይህን ስል ግን ነገሩን ላሳምረው አልፈልግም። አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ ሙያውን አንድም ቀን ሳይሠሩበት ቀርተዋል። አንዷ መርካቶ ጨርቅ ትነግዳለች፣ አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም። ከኔ የማያንስ ድምፅ ነበራቸው። እኔን የጠራኝ ስልክ እነሱን አልጠራቸውም፤ ልዩነታችን ይኸው ነው።

ከመቀመጫው ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበርና ባለቤቴ ኳስ ከፍቶ ጠበቀኝ። ጫማዬን አውልቄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እሱ ሁሌ የሚለኝን አለኝ፤ እኔ ሳይታወቀኝ የማደርገውን አድርጌ ኖሯል።

"ኧረ ሴትዮ፣ በቀኝ በኩል መሆኑን እኔም እያየሁ ነው!"

"ዝም ብለህ ስማ" አልኩትና ቀጠልኩ።